ታጥቦ የሚጠብቅ ሰው

እኔ ነርስ አይደለሁም። ሰው ሁሉ «ነርሷ መጣች» ይለኛል፣ እኔም ማረም ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። ሥራዬ በየቤቱ እየዞርኩ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ካላመናችሁኝ ወገቤን ጠይቁት። ስንት ቤት እንደገባሁ ቆጥሬ አላውቅም። አንዱ ቤት ግን ከልቤ አልወጣ አለ፤ እሱም ስምንት ወር ሙሉ ተመላልሼ አንዲት ቀን እንኳ ሥራዬን ያልሠራሁበት ቤት ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የቤቱ ጌታ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ አርባ ዓመት የሠሩበት ሱቅ እዚያው ሕንፃ ሥር ነው፣ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ስትሮክ መጥቶ ቀኝ ጎናቸውን ከነአንደበታቸው ወሰደው። የቀራቸው ግራ እጃቸው፣ ዓይናቸውና ኩራታቸው ነው። ጋሼ እላቸው ነበር። ሚስታቸውን ደግሞ እማማ። እማማ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ቁመታቸው ትከሻዬ ጋ ቢደርስ ነው፤ ምላሳቸው ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። ለነገሩ የሚያወሩትም ለሁለት ሰው ነበር።

መጀመሪያ ቀን በሩን ከፍተው «ነይ እንግዳዬ፣ ግቢ» አሉኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ጓንቴን አውጥቼ ገባሁ። ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ታጥበዋል፣ ተላጭተዋል፣ ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ነጭ ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። ሠርግ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት።

«እማማ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ላጥባቸው ነው» አልኩ።

«ሳይታጠብ እንግዳ ፊት ይቅረብ? ምን ነካሽ? ተቀመጪና ሻይ ጠጪ።»

የመጀመሪያ ቀን ነው፣ አፍረው ነው ብዬ አለፍኩት። ሠራተኛ ከመምጣቷ በፊት ቤቱን የሚጠርጉ ሰዎች አውቃለሁ፤ እናቴም እንደዚያ ነበረች። በሁለተኛው ቀን ግን ያው ሆነ። በሦስተኛውም። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ ጋሼ ታጥበው ይጠብቁኛል። የእማማ እጅጌ እስከ ክርን እርጥብ ነው፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ከደረጃው የወጣሁት እኔ፣ የሚያለከልኩት እሳቸው። «ምን ሆኑ?» ስላቸው «ምንም፣ ስላየሁሽ ደስ ብሎኝ ነው» ይሉኛል።

እኛ በየቤቱ የምንሞላው ቅፅ አለ። ገላ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ መመገብ፣ ከአልጋ መነሳት ይላል፤ በእያንዳንዱ ፊት ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ «ተሠርቷል» ነው፣ ሌላው «አላስፈለገም»። እኔ ደግሞ ውሸት አልወድም። ያላጠብኩትን አጠብኩ ብዬ እፈርማለሁ? አልፈርምም። ስለዚህ አላስፈለገም፣ አላስፈለገም፣ አላስፈለገም እያልኩ ምልክቴን አደርጋለሁ። በሐቀኛነቴም እኮራ ነበር፤ ጉዴን አላወቅኩም።

እውነቱን ካወራሁ አይቀር ሁሉንም ላውራው። ያ ቤት ተመችቶኝ ነበር። ከእነ እማማ በፊት የምገባው አንዲት ክብደተኛ ሴትዮ ጋ ነው፤ ሳገላብጣቸው ይሰድቡኛል፣ ሳላገላብጣቸውም ይሰድቡኛል። ከእነ እማማ በኋላ ደግሞ አሳንሰር የሌለው አምስተኛ ፎቅ ይጠብቀኛል። መሐል ላይ ያለችው የእማማ ወንበር ለወገቤ መድኃኒት ነበረች። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀምጬ ሻዬን እጠጣለሁ፣ እማማ ስለ ጋሼ የድሮ ደንበኞች ያወሩልኛል፣ ጋሼ በግራ እጃቸው ጭናቸውን እየመቱ ይስቃሉ። የማን ራስ ላይ ስንት ጠባሳ እንዳለ ሁሉ አውቅ ነበር። ማን እያንቀላፋ እንደሚስተካከል፣ ማን በመስታወቱ ሚስቱን እየፈለገ እንደሚፈራ። ከዚያ ተነስቼ የጋሼን መድኃኒት አያለሁ፣ እግራቸውን ትንሽ አሻሻለሁ፣ እፈርማለሁ፣ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን እኚያ ተሳዳቢ ሴትዮ ለምርመራ ሐኪም ቤት ተወስደው ስለነበር አርባ ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እማማ ደወል ሲሰሙ ጋሼን ትተው እንዳይሮጡ ቀድመው ይከፍቱት እንደነበር ያን ቀን ነው የገባኝ። ሳልደውል ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ እንደቆምኩ የመኝታ ቤቱ ውስጥ ይታየኛል።

እማማ ተንበርክከዋል። የጋሼን ሽባ ክንድ በአንገታቸው ላይ አዙረው፣ ግንባራቸውን የጋሼ ደረት ላይ ተክለው «አንድ… ሁለት…» ይላሉ። ሦስት ሲሉ ያ ሁሉ ሰውነት ከአልጋው ተነስቶ ወንበሩ ላይ አረፈ። እኔ ያንን ለማድረግ አንድ ሳምንት ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ያውም ሰው ማንሻ ቀበቶ አለኝ። እሳቸው ግንባራቸውን ነበር የሚጠቀሙት።

ከዚያ መላጨት ጀመሩ፣ በራሳቸው በጋሼ ምላጭ። በግራ ጉንጫቸው በኩል ጋሼ ራሳቸው በምላሳቸው ከውስጥ ገፋ አድርገው ቆዳውን ይወጥሩላቸዋል፣ ፀጉር አስተካካይ አይደሉ? የቀኙ ጉንጭ ግን አይታዘዝም። እማማ የግራ እጃቸውን ጣት የጋሼ አፍ ውስጥ አስገብተው ጉንጩን ከውስጥ ወደ ውጪ ገፉት፣ ምላጩም በተወጠረው ቆዳ ላይ ሸርተት አለ። ሲጨርሱ ጋሼ በግራ እጃቸው አገጫቸውን ዙሪያውን ዳሰሱና አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አቆሙ።

«አገኘህ? አንተ ተቆጣጣሪ! አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ስህተት አልሠራህም እንዴ?» አሉ እማማ፣ የቀረችውንም ላጩ።

ከዚያ የመታጠቢያ ሳህኑን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ተደግፈው ቆሙ። ከንፈራቸው አመድ መስሎ ነበር። ቀና ሲሉ በግድግዳው መስታወት ውስጥ አዩኝ።

«ሰዓትሽ አልደረሰም!»

እንደዚያ ጮኸው አያውቁም። ጋሼ ፎጣውን በግራ እጃቸው ስበው ደረታቸውን ሸፈኑና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ይቅርታ እማማ» ብዬ ወጣሁ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ ሲቀዳ ይሰማኛል፣ ሲደፋ ይሰማኛል፣ የወንበሩ እግር ሲጎተት ይሰማኛል። ገብቼ ማገዝ ነበረብኝ። ሥራዬ እኮ ነው! እኔ ግን ክብራቸውን ጠበቅኩ ብዬ ሰዓቴ እስኪደርስ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ። ልክ በሦስት ሰዓት በሩ ተከፈተ።

«ነይ እንግዳዬ፣ ግቢ።»

ምንም እንዳልተፈጠረ ነው። ሻይ ቀዱልኝ። እንደምንም ደፍሬ «እማማ፣ ይኼን እኔ ልሥራው። እርስዎ ይረፉ» አልኳቸው።

«ስሚኝ ልጄ። ይኼ ሰውዬ ሳይላጭ ሱቁን ከፍቶ አያውቅም። የሰው ፊት ሲያሳምር የኖረ ነው። እኔ በቁሜ ሌላ ሰው እንደዚያ ሆኖ አያየውም።»

«ሲደክምዎትስ?»

«ሲደክመኝ እነግርሻለሁ።»

ያን ቀንም ቅፁ ላይ አላስፈለገም ብዬ ሞላሁ።

ስድስት ወር ሲሞላ ቢሮ የሁሉንም ሰው ፋይል እንደገና ያያል። አስተባባሪያችን ደወለችልኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንደኛው በየቤቱ ስትዞር ኖራ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ነው ጠረጴዛ የያዘችው።

«ስለዚያ ፀጉር አስተካካይ ቤት ንገሪኝ» አለች። «ወረቀትሽ ሁሉ አላስፈለገም ነው የሚለው። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ማን አለላቸው?»

«ባለቤታቸው አሉ።»

«ጠንካራ ናቸው?»

«ኧረ እሳቸውማ! ምላሳቸውን ብቻ ብትሰሚ!» አልኩና ሁለታችንም ሳቅን።

«እንግዲያው ቀላል ቤት ነው።»

«ቀላል ቤት ነው» አልኳት።

እነዚህን ሦስት ቃላት መልሼ ብውጣቸው በወደድኩ። ያ የእማማ ከንፈር ትዝ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን «ሲደክመኝ እነግርሻለሁ» ብለዋል አይደል? ሰው ደብቆ የያዘውን እኔ ለቢሮ ላወራ ነው? ደግሞ ወረፋ የሚጠብቁ አሥራ አራት ሰዎች እንዳሉ አስተባባሪያችን ነግራኛለች፤ ከእነሱ አንዷ ብቻዋን የምትኖር ዓይነ ስውር ናት። «እንዳልሽ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከሳምንቱ አምስት ቀን ሁለት ቀን ሆነ፤ ሰኞና ሐሙስ፣ አንድ አንድ ሰዓት። ለእማማ ስነግራቸው ፊታቸው አንድ አፍታ ጥቁር አለ፣ ወዲያው ግን አበሩት።

«ለባሰበት ይስጡት። እኛ ምን ጎድሎን!» አሉ። ጋሼ ግን አልሳቁም። እማማን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ፣ ግራ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ምን ሊሉ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ ሻዬን ነበር የማማስለው።

ሁለት ወር እንደዚያ ሄድን። አንድ ሐሙስ ስደርስ በሩ ዝግ ነው። ያ በር ሦስት ሰዓት ላይ ዝግ ሆኖ አያውቅም። ደወልኩ። ደበደብኩ። «እማማ!» አልኩ። ከውስጥ ጠክ፣ ጠክ የሚል ድምፅ ተሰማኝ፣ ደከም ያለ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ሾፌር መለዋወጫ ቁልፍ አላቸው፤ በነጠላ ጫማ እየሮጡ መጡ።

እማማ መኝታ ቤቱ ወለል ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። እጅጌያቸው እንደተሰበሰበ ነው። እጃቸውን ስነካው በረዶ ነበር። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ዝቃጩ ሥሩ ላይ ተኝቷል፤ የዛሬ ውሃ አልነበረም። ጋሼ ወንበሩ ላይ ናቸው፣ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ በቀኝ ጉንጫቸው ላይ ሳሙናው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በግራ እጃቸው የሳሙና ብሩሹን ይዘው የወንበሩን እንጨት ይመታሉ። ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ ነው። አንድ ቀን ሙሉ፣ ሚስታቸው ከፊታቸው ተጋድመው።

«የትናንቱ ጠክ ጠክ» አሉ ሾፌሩ፣ በሩን ተደግፈው። «ምስማር የሚመታ ሰው መስሎኝ… ወይኔ! ወይኔ!»

ረቡዕ ድሮ የእኔ ቀን ነበር። ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ በር ላይ እሆን ነበር። ምናልባት እማማ ያኔም አይተርፉም ነበር፣ ሐኪሙም ልባቸው ነው፣ በአንድ ጊዜ ነው ብሏል። ጋሼ ግን ያን ቀንና ያን ሌሊት እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጡም ነበር። ይኼን ማንም ሊያስተባብልልኝ አይችልም።

ሮጬ ስደርስባቸው ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ብሩሹን ጣሉና ፎጣውን ስበው ደረታቸውን ሸፈኑ። በዚያ ሰዓት! ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ይዤ አለቀስኩ፤ እሳቸው ደግሞ ራሴን ዳበሱኝ፣ እኔ የሞተብኝ ይመስል።

ከቀብሩ ማግሥት ቢሮ ሄድኩ። ለአስተባባሪያችን ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

«አንድም ቀን አላጠብኳቸውም» አልኳት። «አንድም ቀን። በየቀኑ ያጠቧቸው፣ ያነሷቸው፣ የላጯቸው እሳቸው ናቸው። እያለከለኩ ነበር የሚቀበሉኝ። አይቻለሁ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ ለምን አልጻፍሽም?»

«የት ላይ? ተሠርቷል ይላል፣ አላስፈለገም ይላል። ማን ሠራው የሚል አለው?»

ቅፁን ከመሳቢያዋ አውጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው ሁሉ ትኩር ብላ አየችው። እኔ ሽንጤን ገትሬ ልጣላት ነበር የሄድኩት፤ እሷ ግን ማልቀስ ጀመረችና መጣያ አጣሁ። በስብሰባ አነሳዋለሁ አለች። የጋሼን ሰዓት ለማስጨመር ግን ፋይሉ እንደገና መታየት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ አሥር ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ፋይሉ የሚለው ይኼ ሰው ብዙ እርዳታ አያስፈልገውም ነው። በማን እጅ ጽሑፍ? በእኔ።

ሴት ልጃቸው ከሩቅ ከተማ መጥታ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት፣ በፈረቃ ትሠራለች፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከአራት ልጆች ጋር ትኖራለች። አሥር ሳምንት ከየት ታምጣ? «እናቴ በስልክ ሁሌ ሰው ይመጣልናል፣ ነርስ አለችን ነበር የምትለኝ» አለችኝ። ነርሷ እኔ ነኝ። ጋሼን ከከተማው ጫፍ ያለ የአረጋውያን ማቆያ አስገባቻቸው። ሲወጡ ደረጃው ላይ ሾፌሩና እኔ ነን ወንበሩን ያወረድነው። ሱቃቸው በር ላይ ስንደርስ ግራ እጃቸውን አነሱ። ቆምን። የስልክ ሽፋኖቹን ለረጅም ጊዜ አዩና እጃቸውን አወረዱ፤ ቀጠልን።

በሚቀጥለው እሑድ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሄድኩ። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ ቆሻሻ አይደለም፣ ሠራተኞቹም ክፉ አይደሉም። ሁለት ሆነው ሠላሳ ሰው ያጥባሉ፣ ያ ነው ነገሩ። የጋሼ አልጋ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ተራቸው የሚደርሰው ረፋድ ላይ ነው። ፂማቸው ነጭ ሆኖ አድጓል። ከበሩ ሲያዩኝ በግራ እጃቸው የአንሶላውን ጫፍ አንስተው አገጫቸውን መጥረግ ጀመሩ። በፍጥነት፣ ሳልደርስ ለመጨረስ።

መለስ ብዬ ከኮሪደሩ ሳህን፣ ሙቅ ውሃና ፎጣ ለመንኩ። የራሳቸው ምላጭና ብሩሽ ከኮሞዲኖው ውስጥ ነበር። መጋረጃውን ዙሪያውን ሳብኩ።

«ጋሼ፣ እኔ እንግዳ አይደለሁም» አልኳቸው። «ሰዎቹ ሳይመጡ ቶሎ እንጨርስ።»

አዩኝ። ከዚያ አንሶላውን ለቀቁት።

ስምንት ወር ያልሠራሁትን ሥራ ሠራሁ። ጀርባቸው ላይ አንዲት ቁስል አልነበረችም። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር፣ ያን ያህል ጊዜ ተኝቶና ተቀምጦ በኖረ ሰው ላይ እንደዚያ ያለ ጀርባ አይቼ አላውቅም፤ ያ ሁሉ የእማማ እጅ ነው። ስላጫቸው ግራ ጉንጫቸውን ራሳቸው ወጠሩልኝ። ቀኙ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ፣ እጄን ታጠብኩና ጣቴን አፋቸው ውስጥ አስገብቼ ጉንጫቸውን ከውስጥ ገፋሁት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው ከሳሙናው ጋር ወረደ፣ የእኔም ወረደ፣ ምላጩ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ስቆልፍ ተረኛዋ ሠራተኛ መጋረጃውን ገለጠችው። በክንዷ ሰሌዳ ይዛለች፣ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል።

«ውይ ጋሼ! ዛሬስ ታጥበው ጠበቁን!» አለችና እፎይ ብላ ብዕሯን አወጣች። አየኋት። አላስፈለገም የሚለው ላይ ምልክት አደረገች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«እኔ ነኝ ያጠብኳቸው» አልኳት። «ጻፊው።»

«የት ልጻፈው?» ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። «ቦታ የለውም እኮ፣ እህቴ።»

ብዕሩን ከእጇ ወሰድኩ። በዳር በኩል፣ ከመስመሩ ውጪ፣ ያን ቀን ከደረጃው ተነስቼ መጻፍ የነበረብኝን ጻፍኩ፦ ራሳቸውን ችለው አይደለም፤ ሰው አጥቧቸው ነው፤ በየቀኑ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

«ይኼን ማን ያነበዋል?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም።

ብዕሯን መለስኩላት። ጋሼ በዚህ መሐል በግራ እጃቸው አገጫቸውን ዙሪያውን ሲዳስሱ ቆይተው፣ ቀኝ መንጋጋቸው ሥር ጣታቸውን አቆሙና አዩኝ። ምላጩን እንደገና አነሳሁ።